አራተኛው ሐሙስ

ጦሳ ጉሙን ለቆ ቲታን ሲያለብሳት፣
ባጃጁ ከበሩ ጥሎኝ ሄደ፤ ልክ ባሥራ አንድ ሰዓት።
ጥበቃው ከላይ ታች አየና ሽበቴን፣
"ተማሪ ነዎት ወይ?" አለኝ ፈትሾ ኪሴን።
"በሐሙስ በሐሙስ" አልኩት።
ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት።

አዳራሹ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈች፣
አንድ ጠርዟ የተገነጠለች
ወረቀት አለች፦
"አንጎልና አእምሮ። ስድስት ሐሙስ። ለሁሉም ክፍት።"
"ለሁሉም" ያለውን አምኜ ነው የገባሁት፣
ሰባ ሁለት ዓመቴን ከነከዘራዬ ይዤ፣
ከልጆቹ መሃል፣ ከመስኮቱ ሥር ፈዝዤ።

አንደኛው ሐሙስ ስለ ነርቭ ነበር፤ ብዙም አልገባኝ።
ሁለተኛው ስለ እንቅልፍ፤
አጠገቤ ያለው ልጅ ተኝቶ ትከሻዬን ተንተራሰኝ።
በሦስተኛው መብራት ጠፋ፤
ዶክተር ምንታምር ስልኳን አብርታ፣
ጥላዋ ግድግዳው ላይ ከራሷ በልጦ፣ ተንጋድዶ፣
ስለ ትዝታ ነገረችን ፀሐይ ገብታ።

ዛሬ ስለ ቋንቋ ነው።
እኔን ያመጣኝ ይኸው ነው።

"ድሮ" አለች፣ "አንጎልን በስልክ ማዞሪያ ይመስሉት ነበር፤
መሃል የተቀመጠ ሰው፣ ገመድ የሚሰካ፣ የሚያሻግር።
ስህተት ነው። መሃል ላይ ማንም የለም።"
ልጆቹ ጻፉት። እኔ አልጻፍኩም።
ሠላሳ አንድ ዓመት የደሴ ማዞሪያ ላይ የተቀመጥኩት፣
"ወልዲያ ይናገሩ፣ ኮምቦልቻ ይጠብቁ፣ ሦስት ደቂቃ ሞልቷል" ያልኩት፣
ስንቱን ልደት፣ ስንቱን መርዶ በጣቴ ያቀበልኩት፣
ያ ማንም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሥዕል አሳየች፤ ከግራ ጆሮ ፊት፣ ከፍ ብሎ፣
አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከሳንቲም ብዙ የማይበልጥ፣ ደም የተነፈገ።
"ይህን የተጎዳ ያውቃል፤ ማለቱ ግን ያቅተዋል።"

ሉባባዬ።
ከሚያዝያ ወዲህ ጨውን "ያ" ትለዋለች።
በሩን "ያ"። ዝናቡን "ያ"።
እኔንም፣ ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ስድስት ወር ሲቀረን፣ "ያ"።
ዓይኗ ስሜን ያውቀዋል፤ አፏ ግን ደጃፉ ላይ ይቆማል፣
ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው ኪሱን ይዳብሳል።

እጄን አወጣሁ። ሽበት እጅ ሲያወጣ አዳራሹ ይዞራል።
"ልጄ፣ የባሏን ስም መጥራት ያቃታት ሴት፣
የሰፈሩ ድቤ ሐሙስ ማታ ሲመታ፣
መንዙማውን ከነአዝማቹ ታወርደዋለች፤
አንድ ቃል አታስቀር፣ አንድ ቤት አትስት።
ከየት አገኘችው? በየት በኩል መጣ?"

ጠቋሚ ዘንጓን አስቀመጠች። ቆየች።
"ዜማ ሌላ መንገድ አለው፤ በቀኝ በኩል ይሄዳል ይባላል" አለች።
"እውነቱን ልንገርዎ? ሙሉውን አናውቅም።"

አናውቅም!
በአራት ሐሙስ ውስጥ እንዲህ የጣመኝ ቃል የለም።

ሐረጎ ተንዶ ምሰሶውን የወሰደው ክረምት ትዝ አለኝ፤
ኮምቦልቻ ቁልቁል እዚህ ሆና፣ ሽቦው ተበጥሶ ሲያሳጣኝ፣
በአዲስ አበባ አዙሬ አገኛት ነበር።
ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ወሬ
አገር ምድሩን ዞሬ።
ድምፁ ርቆ፣ ደክሞ፣ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ይመጣል፤
ይመጣል ግን።

ቤት ስገባ ድቤው ገና አልተጀመረም።
ሾርባዋን አቀረብኩ። ድምፄ ለዜማ አልተፈጠረም፤
ቢሆንም በዚያው በመንዙማው ዜማ፣
"ሉባባ፣ እንዴት ነው ሾርባው?" አልኳት፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

አየችኝ። ያበድኩ መሰላት።
ማንኪያውን አኖረች፤ ጭኗን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣
ቀስ ብላ፣ በዜማ፣ ከሩቅ መስመር እንደሚመጣ ድምፅ፦
"ጨው... ጨው... አነሰው።"

ጨው ላመጣ ተነሳሁ።
ስሜ ገና ነው።
ሁለት ሐሙስ ይቀራል።