አይገላበጥም

ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፣ የተረገጠ ጫማ የመሰለ፣
ሁለት ዓይኑን ይዞ በአንድ ጎን የዋለ።
ከሃማዳ ወደብ፣ ከንጋቱ ጨረታ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁት፣ ለእኔና ለኢሳኩ፣ ለማታ።

ቆዳው ላይ በቢላ መስቀለኛ ጫርኩ፣ ጣዕሙ በር እንዲያገኝ ብዬ።
የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ አንዴ ብቻ ተኮማተረ፤
የባሕሩ ልጋግ፣ የባሕሩ ሽታ ተገፈፈና ቀረ።
አማቴ ኪኑ ነበረች እንዲህ ያስተማረችኝ፦
«መጀመሪያ ኀፍረቱን እጠቢለት፤
ከዚያ በኋላ ነው ስኳር፣ ከዚያ በኋላ ነው ጨው የሚባልለት።»

ሳኬ በስኒ፣ ውሃ በስኒ፣ ስኳር በማንኪያ፣
ዝንጅብል በስሱ፤ ሶያ ሶሱ ግን በዓይን፣ ያለ መለኪያ።

ድስት ግጣሙን አያጣም ይባላል፤
የዚህኛው ግን ሆን ብሎ ያንሳል።
ክቡ የጥድ ክዳን ከድስቱ አፍ ሁለት ጣት ጠቦ፣
መረቁ ላይ ይንሳፈፋል፣ በአረፋ ተከቦ።
መረቁ ይዘልላል፣ እንጨቱን ይመታል፣
ተመልሶ በዓሣው ጀርባ ላይ ይዘንባል።
የማይገጥም ግጣም!
ገጥሞ ቢሆን ኖሮ ይሄን አይሠራም።

ያን ጊዜ፣ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን፣ ዓሣውን ላዞር ማንኪያ ሳነሳ፣
እጄን ቀጨም አደረገችው ኪኑ፣ ሳትቆጣ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።
«አይገላበጥም። ልጄ ባሕር ላይ ነው ያለው።
ዓሣ የገለበጠ ሰው፣ ጀልባ እንደገለበጠ ነው የሚቆጠረው።»

በሆዴ ሳቅሁ።
ኋላ ግን ነፋስ ቀዩን የጣሪያ ሸክላ ሲያንኳኳ፣
ራዲዮኑ የማዕበሉን ከፍታ በሜትር ሲለካ፣
ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ የላይኛውን ጎን በልቼ፣
አከርካሪውን እንደ ማበጠሪያ ቀስ ብዬ አንስቼ፣
ከሥር ያለውን ነጭ ሥጋ ለቀምኩ፣ ዓሣውን እንደተኛ ትቼ።

ዓምና በጥቅምት ሚዮሺ ማሩ ተሸጠች፤ ለብረት፣ በኪሎ።
ኢሳኩ አሁን የሱፐርማርኬት በር ላይ መኪና ያስቆማል፣
ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ።

ዛሬ ማታ ዓሣው መካከላችን ነው።
የላይኛው ጎን አለቀ። ቀና ብሎ አየኝ።
«ከእንግዲህ እኮ ይቻላል» አለኝ፣
«የምትገለበጥ ጀልባ የለችን።»
መብያ እንጨቶቹን ከጅራቱ ሥር አስገባ፤
አነሳው፣ የጣት ውፍረት ያህል።
ከክንፉ መረቅ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
የግድግዳው ሰዓት ይሰማል።
እኔ ሩዜን አየሁ።
እሱ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጨለማው አየ፣ ቆየ፣
ከዚያ መልሶ አስተኛው፣ የተኛ ሕፃን የሚያስቀምጥ ይመስል እየተጠነቀቀ።
«የሱኤዳ ልጅ ገና አልገባም» አለ።
«ዛሬ ሰባት ጀልባ ውጭ ነው ያለው።»
አከርካሪውን አነሳሁለት።

ጠዋት ድስቱን ስከፍት የተረፈው መረቅ ረግቷል፣
ቡናማ መስታወት ሆኖ፣ ብነካው ይርገበገባል።
ትኩስ ሩዝ ላይ ጣል አደረግሁለት፤
ጥቂት ተንቀጠቀጠ፣ ዳር ዳሩ መቅለጥ ጀመረ።
«ኢሳኩ፣ ቶሎ በል፣ ሳይሟሟ!» ብዬ ተጣራሁ።
እሱ ጓዳ ውስጥ ፊሽካውን ይፈልጋል።