የሥልጠናው ጥቅም

ርእሰ መምህሩ ጠሩኝ፣ ነጭ ወረቀት ዘርግተው፣
«የወጣቶቹን ሥልጠና ጥቅሙን በአጭሩ ጻፈው፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ፣ ተማሪ እንዲገባው፤
እስከ ነገ ጠዋት ይድረስ፣ በር ላይ ልለጥፈው።»

እሺ ማለት ለምዶብኛል፣ ሃያ ዓመት ወታደር ኖሬ፣
ሃምሳ አለቃ ሆኜ ወጣሁ፣ ከነነጣው ጠጉሬ።

አሁን የጆርሃት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
ሻዬ አጠገቤ ቀዝቅዞ፣ እስክሪብቶዬ ሲያመነታ፣
«አንድ» ብዬ ጀመርሁ፦
«ሦስቱን ዓመት ጨርሶ ምስክር ወረቀት የያዘ፣
በፖሊስም በጦሩም ቅጥር ነጥቡ በለጠ፣ ታገዘ።»

እውነት ነው። አልዋሸሁም።
ግን ከ«አንድ» ወዲያ ብዕሬ እንደ ግትር በቅሎ ቆመ፤
የፉልሞኒ ታንቲ ጫማ ወረቀቱ ላይ ታተመ።

ፉልሞኒ፣ የሻይ ለቃሚ ልጅ፣ ከእርሻው ሠፈር የመጣች፣
በወንድሟ ቦት ጫማ ውስጥ እግሯን ፈልጋ ያጣች።
ሁለት ቁጥር ይሰፋታል፤ «ወደፊት ሂድ!» ባልሁ ቁጥር፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይቶ ይደርሳል ጫማው ከእግር።
ልጆቹ ሳቁ። እኔ ሳቄን ዋጥሁት፣
ይልቅ ጮህሁባት፤ ከሰልፍ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ገተርኋት።

በማግስቱ መጣች። አልዘገየም ጫማው፣
ጸጥ ብሎ ይረግጣል። ምን ነካው?
«አውልቂው» ብዬ አየሁት፤ ጋዜጣ ነበር የሞላው፣
«ክፍት የሥራ ቦታ» ይላል በላብ የራሰው ገላው።
«ሌላ ገጽ አልነበረም ወይ?» «አንብቤዋለሁ ጌታዬ፣
ለእኔ የሚሆን የለበትም፤ እንግዲህ ይሙላ ጫማዬ።»

እናቷም መጣች አንድ ቀን፣ ጣቷ በቅጠል የጠቆረ፣
«ቅዳሜ ብትለቅም ኖሮ ስንት ኪሎ በተቆጠረ!
አንተ በእንጨት ጠመንጃ ታዞራታለህ፤ ምን ልትከፍላት?»
መልስ አልነበረኝም። «ሻይና ሁለት ሳምቡሳ» አልኋት።
ሳቀች፣ ሄደች። በቅዳሜው ልጅቷን ራሷ አመጣቻት።
ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ሳምቡሳ እቋጥራለሁ፤ የታናሽ እህቷ ናት።

«ሁለት»፦ «ሥነ ሥርዓት፣ የመሪነት ብቃት...» ሰረዝሁት።
ይህን ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት አነበብሁት!

ብራህማፑትራ ሞልቶ ግድቡን ሲገምጥ በሌሊት፣
ማንም ፊሽካ ሳይነፋ መጡ፣ በባዶ እግር፣ በጽልመት።
አሸዋ የሞላ ጆንያ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣
ያኔ ነው ለኔም የገባኝ ለምን እንደሚያስፈልግ ሰልፍ።
ድምፁ ገና ያልጎረነነው ቢቶፖን ቆጠራ ያዘ፤
ቁጥሩ ሲጠፋው ከ«አንድ» ጀመረ፤ ማንም ግን አልፈዘዘ።
ሲነጋ ግድቡ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተናደ።
(ይህንንም ከጥቅሙ ልቁጠር? ብዕሬ እንደገና ራደ።)

«ሦስት»። መዝገቤን ገለጥሁ።
ቢቶፖን መቶ አለቃ ነው፤ ከበረዶው ድንበር ፎቶ ላከ ባለፈው፤
ሄማንጋ ትኬት ይቆርጣል፤ ከጉዋሃቲ አውቶቡስ ላይ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው።
ጁሪ ነርስ ሆነች።
ዲምቤስዋር ነጥብ ተጨምሮለት ሦስቴ ተፈትኖ ሦስቴ ወደቀ፤
ወረቀቱን በመስታወት ሰቀለው፤ ከአባቱ ብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ አልራቀ።

ፉልሞኒ ፖሊስ ናት ዛሬ። ነጥቡ ጠቅሟታል፣ አልክድም፤
ባለፈው ሰኞ ስትመጣ ግን ስለ ነጥብ አላነሳችም።
የመንግሥት ጫማ አድርጋለች፣ በልኳ የተሰፋ፤
አሮጌውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤ «ላንዷ ይሁን፣ እግሯ እስኪሰፋ።»
ጋዜጣው ከነሽታው አለ፤ ፊደሉ በላብ ጠፍቶ፣
«ክፍት» የምትል ቃል ብቻ ቀርታ፣ ሌላው ሁሉ ሟሙቶ።

ዝናቡ አባራ። ሻዬ ውስጥ አንዲት ዝንብ ገብታ ሞታለች።
የርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ ይኸው በሦስት መስመር አልቃለች፦

«ሥልጠና ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።
ነጥብ አለው። ጭቃም አለው።
ጫማ የሰፋችሁ ኑ፤ ጋዜጣ እኔ ጋ አለላችሁ።»