ሦስቱ ሀ

ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ካቧራ ጋር ስሠራ፣
ከሐይቁ በሚመጣው በዚያ እርጥብ ትንፋሽ
ወረቀቱ ሲያብጥ፣ ቀለሙ ሲሸሽ፣
የማን ፋይል የት አለ፣ የማውቅ እኔ ነኝ፤
ካርታውም ግብሩም በእጄ የሚገኝ።

አምና በነሐሴ ማሽኑን አመጡ፣
ካዲሳባ ድረስ አሠልጣኞች መጡ፤
«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሲሉን አጨበጨብን፣
ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ታደልን።

ኢዮስያስ የሚባል ትሁት ልጅ ነው ሹሙ፣
«ጋሽ ተክኤ» አለኝ፣ «ከእንግዲህ አይድከሙ፤
ፋይሉን አንድ ባንድ እናስነብበዋለን፣
የሃያ ዓመት ክምር በወር እንጨርሳለን።»
እውነትም አነበበ። ሻይ የፈሰሰበትን፣
አይጥ ዳሩን በልታ መሐሉን የተወችውን፣
እኔ በመነጽር የማልደፍረውን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሹንኩሬ ከቱላ
በባጃጅ ደረሰች፣ ጃንጥላ አንጠልጥላ።
ያባቷን ይዞታ በስሙ ጠየቀች፤
መስኮቱ ጋ ቆማ ማሽኑን ጠበቀች።
ማሽኑ አሰበ። (እሱም ያስባል አሉ።)
«ሀጤሶ፣ ሐጤሶ፣ ኀጤሶ፤ ሦስት አሉ፤
አባትዎ የቱ ናቸው?»
መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ፊቷ ጠቆረ።
«አባቴ አንድ ነበረ።»

በሃሌታው ሀ ቤቱ፣ በሐመሩ ሐ ግብሩ፣
በብዙኃኑ ኀ ደግሞ የወሰን ድንበሩ።
ሦስቱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።
ከተማው ራሱ ሐዋሳ ነው፣ ሀዋሳ ነው፣ አዋሳ ነው፤
ማን ጠየቀው?
አንዱን በጥድፊያ ጻፍኩት፣ አንዱን በእንቅልፍ ልብ።
ሦስተኛውን ግን
(ይህን ለሚስቴም አልነገርኳት)
ፈላጊ እንዳያገኘው ብዬ ነው።
ለሁለት መቶ ብር እና ላንድ ጥብስ ቆሮሶ
ከሰው ቁጥር ወጣ ምስኪኑ ሀጤሶ።

ማሽኑ ቀጠለ፦
«ፋይሉ አልተገኘም። ነገ ይመለሱ።»
ኢዮስያስ ደነገጠ። «እንዲህ በል አላልኩትም፣
ማን አስተማረው እሱን?»
በየፋይሉ ዳር፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
የኔ የእጅ ጽሑፍ አለ፦
ነገ ይመለሱ። ነገ ይመለሱ።
ተማሪው ጎበዝ ነው፤ አንዲት አልጣለም።

ይኼኔ መብራት እልም አለ።
ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰልፉ አጉረመረመ፣
የሁሉም ዓይን ዞሮ እኔ ላይ ቆመ።
ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።
በስልኬ ብርሃን ወረድኩ። እጄ አልተሳሳተም፤
ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣
እኔ ያስተኛሁበት ቦታ፣
እንደተኛ አገኘሁት።

አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ ሰጠኋት።
አላመሰገነችኝም። ገለጠችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ረጅም።

መብራት ሲመለስ ኢዮስያስ ተቀመጠ።
«ሦስቱን አንድ ላድርጋቸው፣ ጋሽ ተክኤ?
ብቻ ይኼን ካልሞላን አያሳልፈንም፤»
አለና አሳየኝ፦ የስህተቱ ምክንያት።
ኃጢአት በየትኛው ሀ ነበር የሚጻፍ?
ባዶ ሳጥን ውስጥ አንዲት ቀጭን መስመር
ብልጭ ድርግም ትላለች።
ነገ ይመለሱ አልላትም።