አራት ነጥብ ሁለት

ቀን አይሆንም። ቀን ቀን ወፍጮ አለ ጎረቤት፤
ጤፍ በጎረሰ ቁጥር ይጨልማል የኔ ቤት።
ስለዚህ ሌሊት ነው፤ ፍኖተ ሰላም ስትተኛ፣
አይሱዙው ካለፈ በኋላ፣ የቡሬ መንገደኛ።
መጋቢት ነው፤ የቀኑ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ አድሯል፣
ቆርቆሮው «ኳ! ኳ!» እያለ ገና አሁን በርዷል።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ በደረቴ ተኝቼ፣
የኮምፒውተሩን ክዳን፣ አራት ብሎን ፈትቼ፣
የማይገባኝን ነገር በባትሪ አያለሁ።
«ሦስት ነጥብ ስድስት ይሉሃል፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣
ገና ያልሮጥከው ሩጫ አለ ውስጥህ» አልኩት።
ነገሩን ከሰማሁ ወር አይሞላኝም፤ እንዲህ ነው የሰማሁት፦
ፍጥነቱን ከፍ፣ ቮልቱን ከፍ።
ሌላ አላጣራሁት።

ሳጥኑ የኔ ብቻ አይደለም፤ የእኅቴ የጥሩዓለም ዕቁብ ነው፣
ከተዘጋ ቢሮ፣ አሮጌ፣ ተከራክረን የገዛነው።
ማለዳ ማለዳ የማኅበሩን ሒሳብ ትሠራበታለች፣
የማዳበሪያውን፣ የምርጥ ዘሩን፤ «ያዛጋል» ትላለች፣
አንድ ገጽ እስኪከፍት።
ወንድም ነኝና ቃሉ ነከሰኝ፤
«እኔ አነቃዋለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ሦስት ነጥብ ስምንት፦ ተነሣ። ፎከርኩ።
አራት፦ ተነሣ። ለብቻዬ ሳቅኩ።
አራት ነጥብ ሁለት፦
ማራገቢያው ተቆጣ፣ እንደ ተነካ ቀፎ፣
ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ጨለመ፣ አርፎ።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ሄደ» ተባለ፤
የኔው ግን ሳይራመድ፣ በዘጠና ስምንት ዲግሪ፣ ተቀቀለ።

በማግሥቱ ሌሊት ቮልት ጨመርኩ፤ ባሰበት።
ቀነስኩ፤ ጭራሽ አልነሣ አለ፤ ላብ አጠመቀኝ፣ ቆምኩበት።
ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ በጥፍሬ ነቅዬ፣
እስኪረሳኝ ጠበቅሁ፣ «ይቅር በለኝ» ብዬ።
ሲነሣ ቀኑን ስቶ፣ ዘመኑን ረስቶ ነበረ፣
ከኛ አቆጣጠር እንኳ ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ የቀረ።

በአራተኛው ሌሊት ግን ያጠፋሁት ሌላ ነው።
ማለዳ ጥሩዓለም ሠንጠረዧን ከፈተችው።
ባዶ።
አልጮኸችም።
ደብተር አወጣች፣ እርሳስ ቀረጸች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።
ከመቶ ዐሥራ ሁለት ገበሬ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች፣
«ደምለው፣ ሁለት ኩንታል። አለኸኝ፣ አንድ» እያለች።
ያን ቀን ወፍጮው የሚፈጨው እኔን ነበር።

ሬዲዮ ሠሪው ጋ፣ አያ ምንይችል ዘንድ፣ ተሸክሜ ወሰድኩት፣
ሙቀቱን፣ ቮልቱን፣ ኃጢአቴን ሁሉ ነገርኩት።
በልጅነቱ ቅኔ ቤት ነበረ፤ ዲማ ይሁን ዋሸራ ረሳሁ፤
መነጽሩን በክር አስሮ «ቆይ» አለ፤ ቆየሁ፣ እየፈራሁ።
የብረቱን ክንፍ ነቀለ። ከሥሩ ግራጫ ቅባት፣
ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የበጋ ጭቃ የመሰለበት።
«ይኸውልህ፣ ሰሙ ደርቋል፤ ወርቁ ከታች ነው» አለ፤
ቺፑን ገለበጠው፤ ሆዱ እውነትም በወርቅ ነጠብጣብ ተሞልቷል።
«ሰሙን ሳትፈታ ወርቁን ትጠይቃለህ፤
ቅኔ ቤት ብትሆን ዛሬ ትገረፋለህ።»

አዲሱ ቅባት በሚኒባስ መጣ፣ ከባሕር ዳር፤
የአተር ፍሬ ታክላለች፤ ዋጋዋ ግን አይነገር።
አያ ምንይችል ቀባት፤ እኔ ባትሪ ያዝኩለት፣
ትንፋሼ እንዳያርፍባት ፊቴን ዞር አድርጌለት።

አሁን ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ነው፤ ሰባ አንድ ዲግሪ።
ጥሩዓለም «አያዛጋም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።
አራት ነጥብ ሁለት? «ተውኩት» ብያታለሁ።
ወፍጮው ዝም ሲል ግን፣ አልዋሽም፣ እነቃለሁ፤
ከጠረጴዛው ሥር ያቺ አረንጓዴ መብራት ትጠቅሰኛለች።
እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ።
ጥሩዓለም ሒሳቧን ፍላሽ ላይ፣ ፍላሹን በክር አንገቷ ላይ
አስራ ተኝታለች።