ውል

ፓዶቫ፣ በጥር ወር። ጉሙ ከቦይ ወጥቶ፣
የመንገዱን መብራት አንድ በአንድ በልቶ፣
ከአዳራሹ ደጃፍ ሲደርስ ይበርዳል፤
ከውስጥ ሌላ ጭጋግ ታስሮ ይነዳል።

ትልቅ ቀለበት ነው፣ ጣት የማያጠልቀው፣
መዳብ የለበሰ፣ ነፋስ የማይዘልቀው።
ቱሊዮ ነው ያኔ ሽቦውን የጠመጠመ፣
ዙር በዙር ሲቆጥር ወገቡን የታመመ፤
ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ከኮረብታው ማዶ
ወይን ይገርዛል አሉ፣ መቀስ ይዞ ማልዶ።

ኦርኔላ ከጎኔ። ራት እንኳ አልበላች፤
በቀትር ከፍርድ ቤት ፖስታ ተቀብላለች፦
የፍቺ ወረቀት።
ከሰሌዳው ጥግ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው፣
የሻይ ኩባያዋን ከላይ ጫነችበት።
«እንጀምር» አለችኝ።

ጋዙ እሳት ሲሆን፣ መጀመሪያው ላይ፣
ገበያ ነው እንጂ ሥርዓት አይታይ፤
ይህ ሞገድ ወደዚህ፣ ያ ወደዚያ ሲስብ፣
የመግነጢሱ ክር ሲቋጠር፣ ሲተበተብ፣
ሲበጠስ፣ ከባዳ ክር ጋራ ሲቀጠል፣
ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ይመስል።

ጅረቱን ጨመረች።
አንድ ሚሊዮን አምፔር።
አልበቃትም፤ ጨመረች።

ያን ጊዜ፣
ማንም ሳያዘው፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣
ከሞገዶቹ አንዱ ብቻውን ቀና አለ፤
ሌሎቹ ዝም አሉ፣
አልሞቱም፣ ዝም አሉ።
የእሳቱም እምብርት መሃሉን ለቅቆ
እንደ ወይን ሐረግ ተጠማዞ ሄደ፣
ሰባት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥሞ፣
ራሱ ከሠራው ቤት ገብቶ ቆመ።
ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጨለመ።

እኔ በደብተሬ፣ በፊደሌ ጻፍኩ፦
«ጉልበቱ ያልቃል፤ ሙቀት ሆኖ
በግድግዳው ይሰርጋል።
ጥልፍልፉ ግን፣
ክር በክር ላይ የዞረበት ልክ፣
እንዲህ በዋዛ አይፈታም።
ስለዚህ እሳቱ እየከሰረ ሲሄድ
ቋጠሮውን ሳይጥል ሊኖርበት የሚችለውን
ከሁሉ ድኻውን ቅርጽ ይመርጣል።»

«ምን አልሽ? ተርጉሚልኝ።»
እስከ «አይፈታም» ድረስ ደህና መጣሁ።
እዚያ ላይ ቆምኩ።
በእኛ አፍ ክርም ይፈታል፣ እስረኛም፣ ሕልምም፤
በዚያው ቃል ሚስትም ትፈታለች።
ለእሷ ቋንቋ ስንት ቃል ልበድር?
ወረቀቱን አየሁ፣ እሷም እኔን አየችኝ።

ሳቀች፣ ከአፍንጫዋ ብቻ።
«ከግማሽ ሰከንድ ውስጥ ተረት አታውጪ።
ግድግዳው ባይኖር፣
የቱሊዮ መዳብ ዙሪያውን ባይይዘው፣
ያ ያማረሽ ሐረግ አንዴም አይዞርም ነበር።
ብቻውን አልቆመም። ይህንንም ጻፊው።»

ጻፍኩት።

ኩባያውን አነሣች። ከፖስታው ላይ
ክብ የሻይ እድፍ ቀርቷል፣ ጫፉ ያልገጠመ።
ጣቷም ላይ፣ ወርቁ የወጣበት ስፍራ፣
ነጭ ዙር፤
ፀሐይ አሥራ አንድ ዓመት ያላየው ቆዳ።
በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤
ሊለቅ አልፈለገም።

መስኮቱን ጉም ሞልቶታል።
ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ሩብ ሰዓት ጠበቅን።
ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣
«ነይ» አለች፣ «አሁን ጅረቱን አንቺ ጨምሪ።»