ዋ

ሃያ ሁለት ዓመት የኢሽቤል ቀኝ እግር
ሁለት ነገር ነበር የሚያውቀው በምድር፤
ነዳጅና ፍሬን።
ከግሪኖክ ወደብ እስከ ሆስፒታሉ፣
ዝናብ እየጠረጉ፣ ቁልቁል ሽቅብ ሲሉ፣
እሷና አውቶቡሷ።
አሁን ሦስተኛ አላት፣ ከአልጋዋ ሥር የተኛ፣
ቢረግጡት ቢረግጡት መድረሻ የሌለው መንገደኛ።

"ስድሳ ፓውንድ" ብሎ ሸጠላት አርቺ ማክፌይል፤
ክርክር የለም፤ ከንፈርሽን ካላየ ቃልሽን አይቀበል።
መርከብ ሲቀጠቅጥ የኖረበት መዶሻ
ጆሮውን በላበት በመጨረሻ።
ጊታሩን ለልጅ ልጁ ሰጠ፣
ይህን በዳቦ ፌስታል ጠቅልሎ ለእሷ ሸጠ።
"ሰባት ቁጥርን ስሚው! እንዳትነኪው!" አለ በሩ ላይ፤
ድምፁን መመጠን ረስቷል፤ ሰማው የመንገዱ ሰው ሁላ፣ ከታች እስከ ላይ።

ያን ማታ እኔም ሰማሁት፣ ያንን ዕቃ፤
የሚለየን ግድግዳ ነው፣ እሱም ሳንቃ።
ክብደቱ እንደ ጡብ ነው፣ ትላለች፣ ሽታው የሰው ጫማ፤
የአርቺ አውራ ጣት ባረፈበት ተልጧል ጥቁሩ ጎማ።
መመሪያው ጠፍቷል። አራት ባትሪ ዋጠ፣
ቀይ ዓይኑ እንደ ፍም ወጣ፤
ቀፎው እንደተነካ ንብ ቤቱን አንጫጫው
(ግድግዳውን ሁለቴ መትቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ስቆጣ)።

ከዚያ ረገጠችው።
በተረከዟ "ዉ" አለ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣
በጣቷ ስትጫነው "ዋ!" አለ፣ ጥርሱን አግጦ።
በኔ ፊደል ቢጻፍ
ከካዕብ ተነሥቶ ራብዕ ላይ ይደርሳል፣
ሳልሱ ላይ ሳያርፍ ዘሎት ይመለሳል።
እግሯ ፊደል ቆጠረ፣ የኔታ በሌለበት፤
እኔም ቁጣዬን ትቼ ጆሮዬን ጣል አደረግሁበት።

አንድ ቁጥር ጉሮሮ ያሻክራል፤ ሁለት ቁጥር ገደል ማሚቶ ነው፤
ሦስት ባትሪው የደከመ ራዲዮ፤ አራት ግን ምኑን ነው የሚመስለው?
"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወደቀ ማንኪያ" አለችኝ በኋላ።
አምስትና ስድስትን ዘለለቻቸው።

ሰባት ላይ ቆመች።
ቀጭን፣ አፍንጫው የታፈነ፣ በዝናብ የራሰ፣
ጉም የዋጣት ጀልባ ስትጣራ ድምጿ ግማሹ የደረሰ።
አርቺ ጆሮው ሳይዘጋ ለራሱ ያበጀው፣
ከእንግዲህ ግን እሱ ራሱ የማይሰማው።

እንዳይጠፋባት ብላ፣ ልታቆየው አስባ፣
አንዱን ቁልፍ ተጭና ቆየች፤
ቀዩ ዓይን ሁለቴ ጠቀሳት።
ጠፋ።
ሰባት ቁጥር ባዶ፤ ጊታሯ ብቻ፣ እርቃኑን፣ ደረቅ።
"ዋ" በኔ አገር ቋንቋ ማለት ነው "ተጠንቀቅ"፤
ሌሊቱን ሙሉ ሲነግራት፣ እሷ ዜማ መሰላት፤
እኔም ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ አልተረጎምኩላት።

እስኪነጋ ፈለገችው።
ቁልፎቹን በሩብ፣ በሲሶ እያዞረች፣
በተላጠው ጎማ ላይ እግሯን በእግሩ ዱካ እያሳረፈች፣
ትንሽ ተረከዝ፣ ትንሽ ጣት።
አንዴ ቀረበች፣
እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤
ባትሪው አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ከኋላዋ ተቀምጬ፣
አርቺ ገባ፤ ቆቡ ዝናብ ያንጠባጥባል፤
"ሰባትስ?" አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።
እሱ የሚሰማው ከንፈሯን አይቶ ነው፤
ይህን ታውቃለች።
ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች፣ ከውጭ ሰው የጠራት ይመስል፣
"ደህና ነው" አለች መሰለኝ።
ፍሬኑን ለቀቀች።
አውቶቡሱ "ዉ" ብሎ ተነሣ።
አርቺ አልተቀመጠም፤
ብረቱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣
እግሯን ያያል።