አንጀት የሚበላው

በታይ ቢን፣ ጥር ሲጠባ፣ ካፊያው ማባራት አያውቅም፤
ብርዱ በቀርከሃው ሽንቁር ይገባል፣ አንኳኩቶ አይጠይቅም።
ንያን ደወለችልኝ፤ ሌሊቱ ገና አልተጋመሰም፣
«ወተቱን መለሱት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሞተሬን አስነስቼ ደረስኩ። በደጇ ኖራ ነስንሳለች፣
ጫማዬን በረኪና ውስጥ ነከርኩ፤ ባልዲውን እሷ ይዛለች።
ቀዩ አምፖል ሥር አሥራ ሁለት፣
በተወለዱ ባራተኛው ሌሊት፣
እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣብቀው፣ ቢጫ ውሃ እየፈሰሳቸው፣
ከጡት ወደ ጡት ይንፏቀቃሉ፣ ጥማቱ አላስተኛቸው።
እናትየው በጎኗ ተጋድማ ታጉረመርማለች፣
ኑ ጥቡ በሚል ድምፅ፣ ያላትን ትሰጣለች።

አንጀት ይበላሉ ሲያዩዋቸው።
የተበላውም ያው ነው፤ አንጀታቸው።

«በየት ገባ?» አለች ንያን፤ «አጥሩ አልተነቀነቀ፣
ውሻው አልጮኸ፤ ሲገባ ማን አወቀ?»
ቁጢጥ ብዬ፣ የሞተውን በላስቲክ እየጠቀለልኩ፣
እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ እንዲህ አልኩ፦

አንጀትም ዘበኛ አለው፤ በየሕዋሱ ውስጥ ይቆማል፣
ባዕድ ጽሕፈት፣ ድርብ ክር ያየ እንደሆን እሪ ይላል።
ያ እሪታ ኢንተርፌሮን ነው፤ ጎረቤት ሰምቶ በሩን ይቀረቅራል።
ይሄ ቫይረስ ግን፣ አክሊል ደፍቶ የመጣው፣
ከሁሉ አስቀድሞ እሪታውን ነው የሚፈራው።
ከገባበት ቤት ግድግዳ ቀዶ ድርብ ድንኳን ይሰፋል፣
ክሩን እዚያ ውስጥ ያባዛል፤
ሰሙ የባለቤቱ ሽፋን፣ ወርቁ የራሱ ጽሕፈት፤
ዘበኛው ሰሙን አይቶ ያልፋል፣ «ደህና እደር» ብሎት።
የክሩ ጅራት ረዝሞ ከድንኳኑ ቢያፈተልክ፣
መቀስ አለው፤ ይከረክመዋል፣ እንዳይታወቅ በመልክ።
አንዱ ዘበኛ ነቅቶ አፉን ቢከፍት እንኳ፣
መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል ለካ።

«እንሽላሊትም ጅራቷን ትጥላለች» አለች ንያን።
እሷ ከተያዘች በኋላ ነው፤ ይሄ ሳይያዝ ይቆርጣል።
ዝም አለች። ከዚያ፦ «እንዲህ ያለውን አውቃለሁ።
ቶዋን የቁማር ዕዳውን ወረቀት በየማታው ያነድ ነበር፤
ምድጃውን ሊያሞቅልኝ መስሎኝ እመርቀው ነበር።
ጎሹ ከበረት ሲነዳ ነው የነቃሁ።»

ሲነጋ ሰባት ቆጠርን። ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ።

የቀረውን መናገር ከብዶኝ ወደ ኩሬው አየሁ።
የአሳማ ልጅ ራቁቱን ይወለዳል፤ እትብት ጋሻ አያሻግርለትም፣
ከእንገር በቀር፣ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ወፍራም ወተት በቀር፣ ስንቅ የለውም።
እንገሩ ደግሞ የሚያውቀው እናት ያወቀችውን ነው።
ስለዚህ፣ አልኳት፣ የሞቱትን አንጀት ፍጪ፣
ላረገዙት አምስቱ ከመኖው ጋር ቀይጪ።

አላለቀሰችም። የአኩሪ አተር ወተት የምትፈጭበትን አመጣች፣
በሩን ዘጋች። ድምፁን ከውጭ ሰማሁ፤ አንዴ አቆመች፣ ደግሞ ቀጠለች።
ምሽት ላይ አምስቱ እናቶች ገንዳቸውን ላሱ፤
የልጅ አንጀት በእናት አንጀት ውስጥ፣ ምን ይባላል እሱ?

በስድስተኛው ሳምንት ወለዱ። እንገሩ ወረደ፣ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ።
ከሃምሳ ሦስቱ አርባ አራት ተረፉ።
ስለ ዘጠኙ መልስ የለኝም፤
ቫይረሱ አንድ ፊደል ለውጦ ይሆናል፤ እሱ አይታክተውም።

ባለፈው ስሄድ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ቀዳችልኝ።
መፍጫው አዲስ ነው። አሮጌው ታጥቦ፣
መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ብቻውን ተቀምጧል፤
እንዳላየ ሆኜ
ጠጣሁ።